የፑል ዱላ ጌጥ ምን ይመሰክራል? ለኮምቦልቻው ጠያቂ

ወንድም ዓለም፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አሜሪካ ያለችው እኅትህ በእጅ የተሠራ የፑል ዱላ ልትገዛልህ ፎቶውን ልካልሃለች፤ ዋጋው 600 ዶላር ነው፤ አንተም «ይህ ሁሉ ጌጥ ለጨዋታ ምን ይጨምራል? ገንዘቡን ብትልክልኝ አይሻልም ወይ?» ብለህ ጠየቅህ። ከሥር የተሰጡት መልሶች በአብዛኛው «ዱላ ዱላ ነው» የሚሉ ናቸው። እኔ ደሴ ውስጥ በርና መስኮት የምሠራ አናጢ ነኝ፤ ማታ ማታ ደግሞ ፒያሳ አካባቢ ፑል እጫወታለሁ። ከእንጨቱም ከጨዋታውም በኩል የማውቀውን ልንገርህ፤ ረዘም ይላል።

በገንዘቡ ጉዳይ አልገባም። የቤት ኪራይ ካለብህ ኪራይህን ክፈል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የአንተና የእኅትህ ነው።

«ዱላ ዱላ ነው» የሚለውን ግን ከወሎ ሰው አፍ ስሰማው ይገርመኛል። አባቴ አንዲት የወይራ ዱላ ለመቁረጥ ግማሽ ቀን ሲዞር አይቻለሁ። ቀጥ ማለቷን አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል፤ መሃሏን በጣቱ ላይ አስቀምጦ ወደየት እንደምታደላ ይለካል፤ ልጧን ልጦ ጭስ ላይ ያሰነብታታል፤ ቅቤ ይቀባታል። ማሕሌት ቆሞ የሚያድር ደብተራስ መቋሚያውን ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ይለዋወጣል? ስለ ዱላ ማወቅ ለእኛ ባዕድ ነገር አይደለም፤ የፑል ጠረጴዛ ጋ ስንደርስ ነው የምንረሳው።

አሁን ወደ ጌጡ ልምጣ። ከሦስት ዓመት በፊት ለዕረፍት የመጣ አንድ የሰፈራችን ልጅ በጥቁር የቆዳ ማኅደር ለሁለት የተከፈለ ዱላ ይዞ ፑል ቤት ገባ። ሁለቱን ክፍሎች አሽከርክሮ ገጠማቸው። ሰዉ ሁሉ መያዣው ላይ እንደ ፈርጥ የተሰካውን ዛጎል ለማየት ሲጋፋ፣ እኔ በሙያዬ ልማድ እጄን ወደ መጋጠሚያው ሰደድኩ። ጥፍሬን ከላይ ወደ ታች አስኬድኩት፤ አልያዘም። ዓይኔን ጨፍኜ ደገምኩት፤ እንጨቱ የት አብቅቶ ብረቱ የት እንደጀመረ የነገረኝ የብረቱ ቅዝቃዜ ብቻ ነበር። ሃያ ዓመት በር ስገጥም ኖሬ እንደዚያ ያለ መጋጠሚያ ሠርቼ አላውቅም።

ከመያዣው ከፍ ብሎ፣ ነጣ ካለው ሜፕል ውስጥ አራት የዞጲ ሾጣጣዎች ወደ ላይ ይወጣሉ። ሜፕል በካናዳ ባንዲራ ላይ ቅጠሉን የምታየው ዛፍ ነው፤ ዞጲ ጥቁሩ ከባዱ እንጨት ነው። እያንዳንዱ ሾጣጣ ዙሪያውን በቀይ፣ በአረንጓዴና በብርቱካናማ ስስ እንጨት ተከብቧል፤ እናቴ ብታየው «ጥለቱ!» ትል ነበር። ጫፋቸው እንደ መርፌ ቀጥኖ ያልቃል፤ አራቱም እኩል ከፍታ ላይ ያልቃሉ። ወንድሜ፣ ነገሩ ያለው እዚህ እኩልነት ላይ ነው።

አሠራሩን ልንገርህ። ሠሪው በሜፕሉ ላይ ወደ ላይ እየሳሳ የሚሄድ ሹል ቦይ ይቆርጣል፤ ቦዩ ውስጥ ዞጲውን ከነጥለቱ በኮላ ይለጥፋል፤ ከደረቀ በኋላ ቶርኖ (እንጨቱን እያሽከረከረ የሚያስልጥ ማሽን) ላይ አስሮ ክብ እስኪሆን ይልጠዋል። ቦዩ ጫፉ ላይ ከወረቀት ብዙም ስለማይጠልቅ፣ እንጨቱ ቶርኖው ላይ ከመሃል የፀጉር ያህል ቢዛባ አንዱ ሾጣጣ ረዝሞ ሌላው አጥሮ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ምንም ዓይነት ብርጭቆ ወረቀት አያድነውም። ስለዚህ አራቱ ጫፎች እኩል ከሆኑ እንጨቱ ሲላጥ ቀጥ ብሎ መሃሉን ጠብቆ እንደዞረ ይመሰክሩልሃል። ቀጥታነቱ ደግሞ ጨዋታ ነው። ጌጡን ከጥቅሙ ለይተህ የጠየቅኸው ለዚህ ይመስለኛል ያልተመለሰልህ፤ ሁለቱ አንድ ሥራ ናቸው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በርካሽ ዱላ ላይ የምታያቸው ሾጣጣዎች ብዙ ጊዜ የታተመ ሥዕል ናቸው፤ በላያቸው ቫርኒሽ ይፈስባቸዋል። እነዚያ ሁልጊዜ እኩል ናቸው፤ የሐሰት ምስክር ተንተባትቦ አያውቅም። ፎቶውን አስጠግተህ እይ፦ እውነተኛ ከሆነ የጥቁሩ እንጨት የራሱ ጭረት አለው፤ የአራቱም ጭረት ትንሽ ትንሽ ይለያያል። ሥዕል ከሆነ አራቱ መንታ ናቸው።

በዚህ ሙያ ስሙ ከሁሉ በላይ የሚነሳው ጆርጅ ባላቡሽካ ነው። ሩሲያ ተወልዶ ገና ልጅ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1924 አሜሪካ የገባ አናጢ ነበር፤ ኒውዮርክ ብሩክሊን ውስጥ በ1959 የፑል ዱላ መሥራት ጀመረ፤ በ1975 እስኪሞት ሠራ። አናጢ መሆኑን ያወቅሁ ቀን ዘመዴ የሆነ ያህል ኮራሁ። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ሾጣጣ ያላቸውን ብዙዎቹን መነሻ እንጨቶች ከትልቁ የቢሊያርድ ፋብሪካ ከብረንስዊክ ያገኝ የነበረ መሆኑ ነው። ጥበቡ ያለው ከዚያ በኋላ በሠራው ላይ ነው፤ በአላላጡ፣ በብረት መጋጠሚያው፣ በመያዣው የተልባ እግር ክር አጠማጠም። ዛሬ ሰብሳቢዎች በእጁ የወጣውን ዱላ በብዙ ሺህ ዶላር ይሻሙበታል።

እኔም አናጢ አይደለሁ? ልሞክር አልኩ። ዓመት የከረመ የወይራ ጣውላ ነበረኝ፤ ቶርኖ ወዳለው ጎረቤቴ ወስጄ በአንድ ከሰዓት በኋላ ከአራት ሳንቲ ሜትር ወደ 13 ሚሊ ሜትር አወረድነው። ማታ ቀጥ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ ነበር፤ ሚስቴ ሳትቀር አደነቀችው። ሁለት ቀን ተጫወትኩበት። በሳምንቱ ግድግዳው ላይ ሳየው እንደ ሞፈር ጎብጧል።

በኋላ ገባኝ። እንጨት በውስጡ የታመቀ ውጥረት አለው፤ ከላይ ስትልጠው ውስጡ ይፈታና ይጎትተዋል። ለበር ብዙም አያሳስብም፤ በጣት ውፍረት ላለ ዘንግ ግን ሞት ነው። ደኅና ሠሪ ትንሽ ይልጥና ሳምንታት ወይም ወራት ያንጠለጥለዋል፤ እንደገና ትንሽ ይልጣል፤ እንዲህ እያለ አንዱን ዘንግ፣ ማለትም የዱላውን ቀጭን የፊት ክፍል፣ ለመጨረስ ከዓመት በላይ ሊወስድበት ይችላል። መሃል ላይ የጎበጠውን ይጥለዋል። ከ600 ዶላሩ ውስጥ ብዙው የሚከፈለው ለዚህ ተንጠልጥሎ ለከረመ ጊዜ ነው፤ በፎቶ አይታይም።

ሁለቱ ቀን የተጫወትኩበትም አስተማረኝ። ወይራ ከሜፕል ይከብዳል። በቀጥታ ስመታ ደኅና ነበር፤ ነጯን ኳስ በጎኗ ለማሾር ስመታት ግን ካሰብኩት መስመር ትወጣብኝ ነበር። የዱላው ጫፍ በከበደ መጠን ኳሷን ወደ ጎን ይገፋታል። ሠሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ የዘንጉን ጫፍ ከውስጥ እየቦረቦሩ የሚያቀሉት፣ አሁን ደግሞ ከካርቦን ክር የሚሠሩት ለዚህ ነው። ሁሉም ዱላ የራሱ ግፊት አለው፤ ፑል ቤት ገብተህ በየቀኑ የተለያየ ዱላ ስታነሳ በየቀኑ አዲስ ግፊት ትማራለህ። የራስ ዱላ ለመያዝ ዋናው ምክንያት ይኸው ነው፤ ለዚህ ብቻ ከሆነ ግን በአንድ መቶ ዶላር የሚገዛ የፋብሪካ ዱላም ይበቃሃል።

«በእጅ ሲያዝ ይለያል» የሚሉትስ? ይለያል። ግን ምኑ እንደሆነ ያወቅሁት በሐምሌ ነው። ያ እንግዳ ልጅ ዱላውን ለአንድ ምሽት አውሶኝ ነበር። ኳሱን ስትመታው ደረቅ፣ አጭር፣ እንደ ዋንጫ መነካካት ያለ ድምፅ አለው፤ መዳፍህ ውስጥም አንድ ጊዜ ብቻ ንዝር ይልና ይቆማል። እየተደሰትኩ ሳለ ከጦሳ ተራራ በኩል ዝናቡ መጣ። የደሴን የሐምሌ ዝናብ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ታውቀዋለህ፤ ጎረቤትህ ጆሮህ ላይ ቢጮህ አትሰማውም። ያኔ ዱላው ድዳ ሆነ። ያው ዱላ፣ ያው እጅ፣ ግን ያ ጣዕም የለም። ቆሜ አየሁት። ዝናቡ ሲያባራ ተመለሰ።

በዱላው ጫፍ ላይ የተለጠፈው ቆዳና ኳሷ የሚነካኩት ለአንድ ሺህኛ ሰከንድ ያህል ነው። እጅህ ሲሰማው ኳሷ ሄዳለች። «የመምታት ጣዕም» የምንለው ከዚያ በኋላ በእንጨቱ ውስጥ የሚሮጠው ንዝረትና ጆሮ የሚሰማው ድምፅ ናቸው፤ ግማሹ፣ ምናልባትም ከግማሽ በላይ፣ ጆሮ ነው። ይህን ስል ላጣጥለው አይደለም። ክራሩ የተሰነጠቀበት ደርዳሪና ደኅና ክራር የያዘ ደርዳሪ ያንኑ ዜማ ቢጫወቱም እኩል አይጫወቱም። ጥርት ያለ ድምፅ የሚመጣው መጋጠሚያው ክፍተት ከሌለው፣ ጫፉ ላይ ያለችው ነጭ አንገት ካልላላች፣ ቆዳው በደንብ ከተጣበቀ ነው። ዝግ ያለ ወይም የሚንጫጫ ድምፅ ከሰማህ አንድ ቦታ ላልቷል።

እኅትህን የምትጠይቃት እንዲህ ነው። ክብደቱን አስለካ፤ እነርሱ በአውንስ ነው የሚሸጡት፣ ከ18 እስከ 21 የተለመደ ነው፤ በእኛ ከ510 እስከ 595 ግራም መሆኑ ነው። 19 ብትይዝ አትሳሳትም። ርዝመቱ 147 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። ነጯ አንገትና ፈርጦቹ ከምን እንደተሠሩ አስጠይቅ፤ በድሮ ዱላዎች ላይ የዝሆን ጥርስ አለ፤ ያለ ፈቃድ ድንበር ማሻገሩ ወንጀል ነው፤ አገራችንም በመጋቢት 2007 ዓ.ም. ስድስት ቶን የሚያህል የዝሆን ጥርስ አዲስ አበባ ላይ አቃጥላለች። ዘንጉ ላይ ወፍራም ቫርኒሽ እንዳይኖር፤ በኮምቦልቻ ሙቀት ጣትህ ላይ ይጣበቃል። ቀጥታነቱን ደግሞ ጠረጴዛ ላይ በማንከባለል ብቻ አትመን፤ እንደ አባቴ አንድ ዓይንህን ጨፍነህ በርዝመቱ እየው፣ እያዞርህ።

ስለ አያያዙም አንድ ሁለት ነገር። ግድግዳ ላይ አስደግፈህ አታሳድረው። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አትተወው፤ አንድ ጓደኛዬ ከደሴ ጭጋግ ይዞት ወርዶ ኮምቦልቻ መናኸሪያ የሚኒባስ የኋላ መስኮት ሥር ከጠዋት እስከ ቀትር ትቶት፣ አንዱ ቀለበት ተላቆ አገኘው። የጠመኔውን ሰማያዊ ትቢያ በደረቅ ጨርቅ ጥረገው። ቅቤ ደግሞ እንዳታስነካው! አጎቴ የእንግዳውን ልጅ ዱላ አይቶ «ይህማ ደርቋል» ብሎ ቅቤ ሊያመጣ ሲነሳ በመከራ ነው የያዝነው።

ሲደርስህ አንድ ቅዳሜ ይዘኸው ወደ ደሴ ውጣ። መጋጠሚያውን በጥፍሬ ላየው እፈልጋለሁ፤ ዝናብ በሌለበት ቀን ይሁን።