ሰፋ ያለ ሰውነት ያለው ሰው ሮለር ኮስተር ላይ በደህና የሚቀመጠው እንዴት ነው?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ላሳጥረው፦ ባለቤትሽ ቁመቱ 1.85፣ ክብደቱ 128 ኪሎ ነው፤ ሆዱ ገፋ ያለ ነው። አንቺ ደግሞ ዳሌና ጭንሽ ሰፊ ነው። ነሐሴ ላይ ልጆቹን ይዛችሁ ቨርጂኒያ ውስጥ ወዳሉት መጫወቻ ፓርኮች፣ ኪንግስ ዶሚኒየንና ቡሽ ጋርደንስ ዊሊያምስበርግ፣ ትሄዳላችሁ፤ የፈራችሁት ደግሞ አንድ ሰዓት ሙሉ ተሰልፋችሁ ልጆቹ ፊት "ውረዱ" መባልን ነው። "ከመቶ ኪሎ በላይ አይሳፈርም" ያለሽ ሰው ተሳስቷል። "ግቡ ብቻ፣ ሠራተኞቹ ገፍተው ይዘጉላችኋል" ያለሽ ግን አደገኛ ነገር ነው የነገረሽ።

ኪሎውን ለጊዜው እርሺው። ኪንግስ ዶሚኒየንና እህት ፓርኮቹ ለዓመታት ሲያወጡት የቆየው ማስጠንቀቂያ ቁመቱ ከ6 ጫማ ከ2 ኢንች፣ ክብደቱ ከ225 ፓውንድ (102 ኪሎ) የሚበልጥ፣ ወይም ወገቡ 40 ኢንች፣ ደረቱ 52 ኢንች የሆነ ሰው "በአንዳንድ" መጫወቻዎች ላይ ላይስተናገድ ይችላል ይላል። ክልከላ አይደለም። 135 ኪሎ ሆኖ ሁሉም ላይ የሚሳፈር አለ፤ 105 ኪሎ ሆኖ ከሦስት መጫወቻ የሚመለስ አለ። ልዩነቱ ሥጋው የት እንዳለ ነው። ወገብ ስትለኩ ደግሞ የሱሪውን ቁጥር አትመኑት፤ ሆድ ያለው ሰው ሱሪውን ከሆዱ በታች ነው የሚታጠቀው። ወንበር ላይ ተቀምጦ እምብርቱ ላይ በሜትር ለኩት። ትክክለኛው ቁጥር ብዙ ጊዜ ከሱሪው ብዙ ይበልጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሮለር ኮስተር፣ ማለትም በሐዲድ ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚምዘገዘገው የመጫወቻ ባቡር፣ ኮረብታ አናት ላይ ሲደርስ ሰውነትን ከወንበሩ ወደ ላይ ያነሳዋል። በዚያች ቅጽበት የሚይዝሽ የጭን አጥንትሽ ላይ ያረፈው ዘንግ ነው። ዘንጉ ከብሽሽት አጠገብ፣ ጭን ላይ ካረፈ ሰውነት የሚሄድበት የለም። ሆድ ላይ ከቆመ ግን ከስሩ ባዶ ቦታ ይተርፋል። ሆድ ልስልስ ነው፣ ሲጫን ይሸሻል፤ ሰውየው "ጥብቅ አድርጎ ይዞኛል" ብሎ ሲያስብ ጭኑ ግን ነፃ ነው። በፈረንጆቹ 2004 ማሳቹሴትስ ውስጥ ሲክስ ፍላግስ ኒው ኢንግላንድ የተባለ ፓርክ ላይ አንድ ሰው ሱፐርማን ራይድ ኦፍ ስቲል ከሚባለው ሮለር ኮስተር ወድቆ የሞተው በዚህ ነው፤ ምርመራው ያገኘው ዘንጉ ከሰውየው ሆድ የተነሳ ወደ ጭኑ እንዳልወረደ ነበር። በ2013 ቴክሳስ ጃይንት ከሚባል ሮለር ኮስተር ላይ አንዲት ሴት ከወደቀች በኋላ ደግሞ ፓርኩ የዘንጉን ትራስ ቀይሮ፣ ቀበቶ ጨምሮ፣ መግቢያው ላይ የመሞከሪያ ወንበር አስቀምጦ ነው እንደገና የከፈተው።

ሦስተኛው ምሳሌ ሮለር ኮስተር ሳይሆን ሰውን ከፍ አድርጎ ቁልቁል የሚለቅ የመውደቂያ ማማ ነው፤ ነገሩን የበለጠ የሚያሳየው ግን እሱ ነው። መጋቢት 2022 (በፈረንጆቹ) ኦርላንዶ ውስጥ የ14 ዓመት ልጅ ከማማው ወድቆ ሞተ። የአምራቹ መመሪያ ከፍተኛውን ክብደት 130 ኪሎ አድርጎታል፤ ልጁ ከዚያ በብዙ ይበልጥ ነበር። የባለሙያዎቹ ሪፖርት እንዳለው በመያዣውና በወንበሩ መካከል የሚኖረው የተለመደ ክፍተት 3.3 ኢንች ገደማ ሲሆን፣ የእሱ ወንበር ሴንሰር (መያዣው መዘጋቱን የሚለካው መሣሪያ) በእጅ ተስተካክሎ ወደ 7 ኢንች የሚጠጋ ክፍተት ይቀበል ነበር። መብራቱ "ተዘግቷል" አለ፣ ማሽኑ ተነሳ። ቀበቶም አልነበረውም። እንግዲህ መብራት የሚናገረው ሴንሰሩ ያየውን ብቻ ነው፤ ሰውየው በትክክል ስለመያዙ አይመሰክርም። ለዚህ ነው ሠራተኛው "አልሆነም" ሲል መከራከር የማይገባው፤ "አንዴ ብቻ አሳልፈኝ" ማለትም እንደዚያው።

ቀበቶው አጭር የሆነውም ሆን ተብሎ ነው። ብዙዎቹ ላይ ርዝመቱ የማይለወጥ ቀበቶ መያዣውን ከወንበሩ ጋር ያገናኛል፤ ከደረሰና "ቀጭ" ካለ መያዣው ቢያንስ እስከሚፈለገው ድረስ ወርዷል ማለት ነው። እንደ አውሮፕላን ማራዘሚያ ስጡን ብትሉ አይሰጧችሁም፤ ማራዘሚያ ቢኖር የቀበቶው መለኪያነት ያበቃል።

ለእናንተ ወደሚመለከተው ልምጣ። ለባለቤትሽ የሚከብዱት ከትከሻ በላይ የሚወርድ መያዣ ያላቸው ናቸው፤ ኪንግስ ዶሚኒየን ላይ ዶሚኔተር፣ ቡሽ ጋርደንስ ላይ አልፐንጋይስት። እዚህ መያዣው ደረትና ሆድ ላይ ያርፋል፣ ቀበቶው ደግሞ ከሆድ በታች በእግር መካከል ይታሰራል። የዚህ አምራች፣ የቦሊገርና ማቢላርድ፣ ብዙ ባቡሮች ላይ በአንዳንድ ረድፍ ሰፋ ያለ መያዣና ሁለት ቀበቶ ያለው ወንበር አለ። ሰልፍ ከመግባታችሁ በፊት መግቢያው ላይ ያለውን ሠራተኛ "ሰፊው ወንበር የትኛው ረድፍ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ጥያቄ በየቀኑ ስለሚጠየቁ አያፍሩባችሁም፣ እናንተም አትፈሩ። ኪንግስ ዶሚኒየን ላይ በ2025 የተከፈተው ራፕቴራ እንደ ሰደርያ ያለ ለስላሳ መያዣ ነው ያለው፤ ደረቱ ሰፊ ለሆነ ሰው ከጠንካራው የትከሻ መያዣ ይሻላል፣ ሆዱ ላይ ግን ያው ነው።

ለባለቤትሽ መጀመሪያ እንዲሞክር የምመክረው ቡሽ ጋርደንስ ላይ ያለውን አፖሎስ ቻሪየትን ነው። ከመሬት ተነስቶ በእግር መካከል የሚወጣ፣ ጭንን ከላይ የሚሸፍን ዘንግ ነው፤ የወንበሩ ጎን ክፍት ስለሆነ ለአንቺም ዳሌ አይቆነጥጥም። ግን ሲሳፈር የዘንጉ የላይኛው ጫፍ ሆዱ ላይ እንዳይቆም ይጠንቀቅ።

ለአንቺ የሚያስቸግርሽ ሌላ ነው። ጎድጓዳና ጎኑ ከፍ ያለ ወንበር ዳሌን ይቆነጥጣል፤ ሰው ውስጡ ሳይገባ ጠርዙ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። በዚህ የተነሳ 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለሽ ትቀመጫለሽ፣ ዘንጉ ቶሎ ያገኝሻል፣ ቀበቶውም አይደርስም። ሰው "ቀበቶው አጠረኝ" ሲል ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይሄ ነው። መፍትሔው ክብደትሽን ወደ አንድ ጎን ጥለሽ አንዱን ዳሌ ማስገባት፣ ከዚያ ሌላውን ማንሸራተት ነው። ወፍራም ጂንስ አይንሸራተትም፤ ለስላሳ የስፖርት ሱሪ በብዙ ይረዳል። ኪንግስ ዶሚኒየን ያለው ትዊስትድ ቲምበርስ ላይ ደግሞ ከጭኑ ዘንግ ጋር የቅልጥም መያዣ አብሮ አለ፤ ባታችሁ ወፍራም ከሆነ ችግሩ ሆዳችሁ ሳይደርስ እዚያ ይጀምራል። እግራችሁን ወደ ኋላ ሳባችሁ፣ ተረከዛችሁን መሬት አስነክታችሁ ሞክሩ። እዚያው ያሉት ከእንጨት የተሠሩት ግሪዝሊና ሬሰር 75 ለእናንተ መለማመጃ ይሆናሉ።

አቀማመጡ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ ስለዚህ ቀስ ብለን እንሂድበት። ከመቀመጣችሁ በፊት ስልክ፣ ቦርሳ፣ ቁልፍ ከኪስ ይውጣ፤ የኪስ ቦርሳ ብቻውን ሁለት ሴንቲ ሜትር ያነሳል። ቀበቶውን አስቀድማችሁ ወደ ጎን አውጡት፣ ላዩ ላይ አትቀመጡ፣ ጠመዝማዛም ካለ ፍቱት፤ የተጠመዘዘ ቀበቶ ያጥራል። ከዚያ መቀመጫችሁ የወንበሩን የኋላ ጥግ እስኪነካ ድረስ ግቡ፣ ጀርባ ቀጥ ይበል። ሰው ደክሞት ወደፊት ተንሸራቶ ከተቀመጠ ሆዱ ወደ ላይ ይወጣና ዘንጉ ይያዝበታል። ባለቤትሽ ዘንጉን ከማውረዱ በፊት በሁለት እጁ ሆዱን ከስር ደግፎ ወደ ላይና ወደ ኋላ ያንሳ፤ አንቺ ወይም ሠራተኛው ዘንጉን ታወርዳላችሁ፤ ዘንጉ ከሆዱ ስር ገብቶ ጭኑ ላይ ሲያርፍ ሆዱን ይልቀቀው። ያሳፍራል የሚል ካለ አይሰማ፤ ይህች እንቅስቃሴ ብቻዋን ብዙ ሰው እንዲሳፈር ታደርጋለች። ቀበቶው ለጥቂት ካቃተው አየሩን አስወጥቶ ይሞክር። ከተዘጋ በኋላ ግን እንደ ልብ መተንፈስ አለበት፤ ካልቻለ ይንገር፣ ይውረድ።

ከተዘጋ በኋላ ራሳችሁ ፈትሹ። ጉልበታችሁን ወደ ላይ ለማንሳት ሞክሩ፦ ጭናችሁ ወዲያው ዘንጉን መንካት አለበት። በዘንጉና በጭን መካከል እጅ እንደ ልብ የሚገባበት ክፍተት ካለ ሆድ ላይ ነው የቆመው፤ መብራቱ አረንጓዴ ቢሆንም ሠራተኛውን ጥሩ። በተቃራኒው፣ የሃይድሮሊክ መያዣ ያላቸው እንደ ፓንቴሪያን (የድሮው ኢንቲሚዴተር 305) ያሉት ደረጃ በደረጃ የሚቆልፍ ጥርስ ስለሌላቸው ጉዞ መሀል ትንሽ ሊጠብቁ ይችላሉ። ስለዚህ ሲዘጋ በትክክል ይረፍ እንጂ በኃይል አትጫኑት። ዘንጉን በጭን ገፍቶ ሆን ብሎ ላላ አድርጎ ማቆየት ደግሞ ፈጽሞ አይደረግም።

የልጆቹን ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ ከሁሉ በላይ የምፈራው እሱን ነው። አንዳንድ አሮጌና የቤተሰብ መጫወቻዎች ላይ ሁለት ሰው አንድ ዘንግ ይጋራል። ዘንጉ የሚቆመው ትልቁ ሰው ጭን ላይ ነው፤ አጠገቡ ያለው ልጅ ላይ ሰፊ ክፍተት ይቀራል። እንዲህ ያለ ላይ ባለቤትሽ ከልጅ ጋር አይቀመጥ፤ ልጁን ከወንድሙ ወይም ከእህቱ ጋር አስቀምጡት፣ እናንተ ሁለታችሁ አብራችሁ ተቀመጡ። ቁመቱ ካልበቃ ልጁ ይቅር።

የመሞከሪያ ወንበሩን በለበሳችሁት ልብስና ጫማ ሞክሩት፤ ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ ከመጣችሁ ነጠላውን መኪና ውስጥ ተዉት። ወንበሩ ላይ መግባት ቃል ኪዳን አይደለም፤ አንዳንዱ የተለመደው ወንበር እንጂ ሰፊው አይደለምና እዚያ ያልገባ ሰው ሰፊው ላይ ሊገባ ይችላል፣ ጠይቁ። የሚከብዱትን ጠዋት፣ ከምሳ በፊት ሞክሩ። እንጀራ በልቶ የሄደ ሆድ ጠዋት ያልነበረ ሁለት ጣት ይጨምራል።

አንዳችሁ ካልሆነላችሁ ልጆቹ ቀን ሙሉ ይበላሽባቸው የሚል ሕግ የለም። ሁለቱም ፓርኮች ወላጆች እየተቀያየሩ የሚሳፈሩበት አሠራር አላቸው፤ አንዱ ልጆቹን ይዞ ሲሳፈር ሌላው ይጠብቃል፣ ከዚያ ሁለተኛው ሙሉውን ሰልፍ እንደገና ሳይሰለፍ ይገባል። መግቢያው ላይ ሳትሰለፉ በፊት ጠይቁ፤ ባቡሩ የሚሳፈርበት ቦታ ከደረሳችሁ በኋላ ለማመቻቸት ይከብዳቸዋል።