የሴንሰር መረብንና የሜሽ መረብን ማጣመር፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የአፈር እርጥበት የሚለኩ ሴንሰሮቼን በቀጥታ የዋይፋይ ሜሽ (ራውተሮች መረጃ እየተቀባበሉ የሚያሳልፉበት መረብ) አባል ባደርጋቸው ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ባትሪያቸው አይችለውም። ሴንሰር ዕድሜው የሚረዝመው አብዛኛውን ጊዜ ተኝቶ፣ ልኬቱን ለመላክ ብቻ ለጥቂት ሚሊሰከንድ ስለሚነቃ ሲሆን፣ የሜሽ ራውተር ግን የጎረቤቱን መረጃ ለማሳለፍ ሌት ተቀን ነቅቶ መጠበቅ አለበት። ስለዚህ በመካከላቸው ሁለት ራዲዮ ያለው ጌትዌይ (መረቦቹን የሚያገናኝ መሣሪያ) ይትከሉ፤ ሴንሰሮቹ 802.15.4 በተባለው ኃይል ቆጣቢ የራዲዮ ደረጃ ለጌትዌዩ ያስረክቡ፣ እርሱም በሜሹ ወደ ማዕከል ያድርስ። ከሁሉ በፊት ግን የሁለቱን መረቦች ቻናል (የሚሠሩበትን የራዲዮ ሞገድ ክልል) ይለዩ።

ጥያቄ፦ የትኛውን ብራንድ ልግዛ?

መልስ፦ ስለ ብራንድ አልመልስም።

ጥያቄ፦ ጌትዌዩን ከተከልኩ ወዲህ ብዙ ፓኬት (የመረጃ ጥቅል) ይጠፋል። ምክንያቱ ምን ይሆን?

መልስ፦ ሁለቱም መረቦች 2.4 ጊጋኸርዝን ስለሚጋሩ ነው። እኔ በአንድ ግሪንሃውስ ውስጥ ሦስት ቀን ሙሉ አንቴና ስቀያይር ከዋልኩ በኋላ ነው ጥፋቱን ያገኘሁት፤ ሴንሰሮቹ በቻናል 18፣ ማለትም በ2440 ሜጋኸርዝ ላይ ነበሩ፤ ራውተሮቹ ደግሞ ከ2426 እስከ 2448 ገደማ በሚሸፍነው የዋይፋይ ቻናል 6 ላይ። የራውተሩ ኃይል የሴንሰሩን ደካማ ምልክት ይውጠዋል። ዋይፋዩ በ1፣ በ6 እና በ11 ከተወሰነ የሴንሰር ቻናል 15፣ 20፣ 25 እና 26 ዋይፋዩ በማይሸፍነው ክፍተት ላይ ይወድቃሉ፤ 26 በአንዳንድ መሣሪያዎች ላይ የመላኪያ ኃይሉ ስለሚቀነስ እኔ 25ን እመርጣለሁ። ያም ሆኖ በጌትዌዩ ሳጥን ውስጥ ሁለቱ አንቴናዎች የጣት ስፋት ያህል ብቻ ከተራራቁ ቻናል መለየቱ ብቻውን አይበቃም፤ አንዱን በገመድ ወደ ውጭ ያውጡት።

አንድ አባል፦ ዚግቢ (በ802.15.4 ላይ የሚሠራው የሴንሰር መረብ) ራሱ ሜሽ ስለሆነ ዋይፋይ ጭራሽ አያስፈልግም።

ሌላ አባል፦ ወንድሜ፣ በሰከንድ 250 ኪሎቢት የሆነው የዚግቢ ፍጥነት የካሜራ ምስል አይሸከምም።

የመጀመሪያው አባል፦ ካሜራ የጠየቀ ሰው የለም።

መልስ፦ ክርክሩን ለሌላ ጊዜ አቆዩልን፤ የጥያቄው ባለቤት የያዘው እርጥበት መለኪያ ነው።

ጥያቄ፦ አይፒቪ6ን (የኢንተርኔት አድራሻ ሥርዓቱን ስድስተኛ ስሪት) እስከ ሴንሰሩ ድረስ ማድረስ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። አይፒቪ6 ቢያንስ 1280 ባይት የሚያሳልፍ መስመር ይፈልጋል፤ የ802.15.4 ፍሬም (በራዲዮ በአንድ ጊዜ የሚላክ ጥቅል) ግን ከ127 ባይት አይበልጥም። በ2007 የወጣው ሲክስሎፓን የተባለ ደረጃ ራስጌውን (አድራሻ የያዘውን የፓኬቱን መጀመሪያ) ጨምቆ ፓኬቱን ይቆራርጠዋል። ከቁራጮቹ አንዱ ከጠፋ ግን ሙሉው ፓኬት ስለሚጠፋ፣ መልእክትዎ በአንድ ፍሬም እንዲያልቅ ያሳጥሩት።

ጥያቄ፦ የእኔም ይቆራረጣል፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምኑ ነው የሚቆራረጠው? ሴንሰሮቹ በስንት ቁጥር ቻናል ናቸው? ዋይፋዩስ? ቻናል ይለዩ ብዬ ከላይ ሁለት ጊዜ ጽፌያለሁ፤ ሁለቱን ቁጥሮች ይዘው ይመለሱ።