«ያስጠላል!» ካለ በኋላስ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህርት። የምጽፍልዎት ከሐዋሳ ነው። የ6 ዓመት ወንድና የ9 ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ። ደመወዝ በተቀበልኩ ቁጥር ለሁለቱም አንድ አንድ ባለሥዕል መጽሐፍ እገዛለሁ፤ ማታ ማታም አነብላቸዋለሁ። ችግሬ ከንባቡ በኋላ ነው። ትንሹን «መጽሐፉ እንዴት ነው?» ስለው ወይ «ጥሩ ነው» ይለኛል ወይ «ያስጠላል»፤ ከዚያ ወዲያ ቃል አይወጣውም። ባለፈው ሳምንት የገዛሁትን ደግሞ አራተኛው ገጽ ላይ ስንደርስ «ያስጠላል!» ብሎ ዘጋብኝ። ተናድጄ ተቆጣሁት፤ አለቀሰ። ትልቋ በበኩሏ መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ከዚህ ታሪክ የምንማረው ታዛዥ መሆን እንዳለብን ነው።» ታሪኩ ስለ ጦጣም ይሁን ስለ ዝናብ ይህንኑ ትላለች። የልባቸውን እንዲነግሩኝ ምን ላድርግ? ለመሆኑ የ6 ዓመት ልጅ ስለ መጽሐፍ አስተያየት ይኖረዋል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምርልሽ። ይኖረዋል። እንዲያውም እኛ ያላየነውን አይቶ ነው አስተያየት የሚሰጠው።

18 ዓመት አንደኛና ሁለተኛ ክፍል አስተምሬያለሁ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በሰፈራችን አንዲት ክፍል ውስጥ ምንጣፍ አንጥፌ ለልጆች አነባለሁ። ከማነባቸው መጻሕፍት አንዱ ከቤቱ ወጥቶ መንገድ ስለጠፋበት ውርንጭላ ነው። ጅብ ያጋጥመዋል፣ ጥንቸል መንገድ ታሳየዋለች፣ በመጨረሻ ቤቱ ይገባል። ልጆች ይወዱታል ብዬ ስለማምን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ከሠላሳ ጊዜ አያንስም። አንድ ቅዳሜ አንዲት የ6 ዓመት ልጅ «እኔ አልወደድኩትም» አለች። «የቱ ጋ ነው ያልወደድሽው?» አልኳት። መጽሐፉን ከእጄ ወስዳ ከኋላ ጀምራ ገለጠች። የመጨረሻው ሥዕል ላይ ውርንጭላው ግቢው ውስጥ ተኝቷል። ጣቷን ከአጥሩ ሥር ባዶ ቦታ ላይ አሳረፈችና «እናቱ የለችም» አለች። ከዚያ ገጾቹን አንድ በአንድ እየመለሰች እስከ መጀመሪያው ሄደች፤ «እዚህ ነበረች።» እውነትም የመጀመሪያው ገጽ ላይ አጥሩ ሥር እናቲቱ አህያ ቆማለች። ልጁ ሲመለስ ግን የለችም። ጽሑፉም ስለ እሷ አንድ ቃል አይናገርም።

እኔ ሠላሳ ጊዜ ያላየሁትን እሷ በአንድ ጊዜ አየችው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሚያነበው ሰው ዓይኑ ፊደሉ ላይ ነው፤ የሚነበብለት ልጅ ዓይኑ ሥዕሉ ላይ ነው። ስለዚህ ልጅሽ ካንቺ ጋር አንድ መጽሐፍ ይዞ ቢቀመጥም የሚያነበው ሌላ ነገር ነው። «እንዴት ነው?» ብለሽ ስለ ታሪኩ ስትጠይቂው እሱ ገና አንድ ሥዕል ላይ ቆሞ ይሆናል።

እንግዲህ ወደ «ያስጠላል» እንምጣ። ይህች ቃል በልጅ አፍ ውስጥ እንደ ጆንያ ናት፤ ውስጧ ያለውን ሳያዩ መጣል አይገባም። አንድ ልጅ ቡችላ በዝናብ ውጭ የተዘጋበትን ታሪክ ሳነብለት «ያስጠላል» ብሎ ፊቱን አዞረ። ቀስ ብዬ ስጠይቀው መጽሐፉን ጠልቶ አልነበረም፤ ቡችላው አሳዝኖት መቀጠል አቅቶት ነው። ሌላዋ የጅቡ ጥርስ አስፈርቷታል። ሌላው አንድ ገጽ ላይ ጽሑፉ ሲበዛበት ሥዕሉን አይቶ ጨርሶ እኔን መጠበቅ ሰልችቶታል። እንቅልፍ የመጣበትም «ያስጠላል» ይላል። ያንቺ ልጅ አራተኛው ገጽ ላይ የዘጋው ከእነዚህ በአንዱ ይሆናል፤ ያ ገጽ ላይ ምን እንደተሣለ መለስ ብለሽ እይው።

ሲጠይቁት «ለምን?» ከማለት ተቆጠቢ። በኛ ቤት «ለምን» የቁጣ ቃል ነው። «ለምን ሰበርከው? ለምን አልበላህም? ለምን አመሸህ?» እየተባለ ያደገ ልጅ ይህን ቃል ሲሰማ የሚያስበው እንዴት እንደሚያመልጥ ነው። «የቱ ጋ?» ብትይው ግን ጣት ይበቃዋል። ቃል ያጠረው ልጅ ጣት አያጥረውም። ጣቱን ካሳረፈ በኋላ ቃሉ ራሱ ይከተላል፤ እኔ ይህን ብዙ ቅዳሜ አይቻለሁ።

ሌላው፣ ያንቺን አስተያየት መጨረሻ ላይ አድርጊው። እናት «ወይኔ እንዴት ደስ ይላል!» ካለች በኋላ «እኔ አልወደድኩትም» የሚል ልጅ ጥቂት ነው፤ በአክብሮት ነው ያሳደግናቸው። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እያልን ያደግን ሰዎች ነን፤ ልጁም ይህ ተረት ባይነገረው እንኳ ከፊታችን ያነበዋል። ግን በዚያው ባህላችን ውስጥ ልጅ እንዲናገር የተተወለት ቦታም አለ። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ብሎ የሚመልሰው ልጁ ነው፤ አያቱም መልሱ ከጠፋው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ዕድሜ አያድነውም። ተረት ተረትም ቢሆን «የላም በረት» የሚል ካልተገኘ አይጀመርም፤ ሲያልቅም «ተረቴን መልሱ» ይባላል። አያቶቻችን ሰሚ ዝም ብሎ እንዲሰማ አልተዉትም።

ስለ ትልቋ ልጅሽ ስታነሺ ልቤን ነክተሽዋል፤ ያቺን መልስ ካስተማሩት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝና። ለዓመታት ከእያንዳንዱ ምንባብ በኋላ ሰሌዳው ላይ «ከታሪኩ ምን ተማራችሁ?» ብዬ እጽፍ ነበር። እጆች ሁሉ ይወጡ ነበር፦ ታዛዥ መሆን፣ ጎበዝ መሆን፣ አለመዋሸት። ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ልጆቹ ታሪኩን ሳይሰሙት መልሱን ያውቁት እንደነበር ይገባኛል። ልጅሽ አስተያየት አጥታ አይደለም፤ ትልቅ ሰው የሚፈልገውን ለይታ አውቃ ነው። ስለዚህ ለአንድ ወር ያህል «ምን ተማርሽ?» የሚለውን ጥያቄ ከቤትሽ አስወጪው። በምትኩ ሁለት መጻሕፍት ጎን ለጎን ዘርጊላትና እንድታወዳድር ጠይቂያት። ማወዳደር ለልጅ ይቀላል፤ የተሸመደደ መልስም የለውም።

አንድ ጊዜ ሁለት የጅብ ሥዕሎችን እንዲህ ዘርግቼ «የትኛው ነው ይበልጥ ጅብ የሚመስለው?» አልኩ። ለክረምት አክስቱ ጋ የመጣ የሐረር ልጅ ነበር። በዚያ ከተማ ማታ ማታ ጅብ ሲመገብ ማየት ብርቅ አይደለም። አንዱን ሥዕል ገፋ አደረገና «ይሄ ውሻ ነው» አለ። «ጅብ ኋላው ዝቅ ይላል፤ የኋላ እግሩ አጭር ነው። ይሄኛው ግን ጀርባው ቀጥ ያለ ነው።» ከዚያ ተነስቶ በአራት እግሩ ሆኖ አሳየን። ልጆቹ ሁሉ መጽሐፎቹን እየጎተቱ ሌሎቹን ጅቦች መመርመር ጀመሩ። ያን ቀን ስለ ሥዕል የተነገረውን ያህል በ18 ዓመት ክፍል ውስጥ አልሰማሁም።

ለሴት ልጅሽ ሌላም ሥራ ስጫት፦ የሚቀጥለውን ወር መጽሐፍ እሷ ትምረጥ። ገንዘቡን በእጇ ይዛ መጻሕፍት መደብር ውስጥ ትቁም፣ ትግለጥ፣ ለወንድሟ ይህን የመረጠችበትን ምክንያት ትንገረው። እሱ ባይስማማ ይከራከሩ፤ አንቺ ቡና እያፈላሽ ስሚያቸው።

መናገር የማይወድ ልጅ ካለ ወረቀትና እርሳስ ይበቃዋል። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ1982 ዓ.ም. ሲጸድቅ አንቀጽ 12 ላይ ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው፣ አንቀጽ 13 ላይ ደግሞ ሐሳቡን በቃል፣ በጽሑፍ፣ በኪነ ጥበብ ወይም ራሱ በመረጠው መንገድ መግለጽ እንደሚችል አስፍሯል። አገራችንም በ1983 ዓ.ም. ተቀብላዋለች። ያቺ የውርንጭላውን እናት የፈለገችው ልጅ በዚያው ቅዳሜ ተቀምጣ እናቲቱን በቡናማ እርሳስ ሣለቻት፤ ጆሮዋ ከሰውነቷ ይረዝማል። ቆርጠን መጨረሻው ገጽ ላይ አጥሩ ሥር ለጠፍናት። አሁን መጽሐፉን ስናነብ እዚያ ገጽ ላይ ሁሉም ልጅ ቆም ይላል።

ልጆች ሲበዙ ድምፅ መስጠትም ደስ ይላቸዋል፤ የጎረቤት ልጆች ከመጡ ሞክሪው። ለእያንዳንዱ አንድ ሽምብራ እሰጣለሁ፤ ሁለት ብርጭቆ አለ፣ አንዱ ላይ የሚስቅ፣ አንዱ ላይ የተኮሳተረ ፊት ተለጥፏል። የመጀመሪያ ቀን 14ቱም ሽምብራ የሚስቀው ውስጥ ገባ። ምክንያቱ ቀድሞ የጣለው ትልቁ ልጅ ስለነበር ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ብርጭቆዎቹን ከመጋረጃ ጀርባ አደረግኋቸውና አንድ በአንድ እየገቡ ጣሉ። ያው መጽሐፍ፣ ያው ልጆች፣ 9 ለ5 ሆነ።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልንገርሽ። የተቆጣሽው በከፊል ስለ ገንዘብሽም ይመስለኛል፤ አልፈርድብሽም። መጽሐፍ ተወዷል። ልጅ ግን ያልወደደውን መጽሐፍ ያለ ጥፋተኝነት መዝጋት ካልቻለ ሌላውን ለመክፈትም ይፈራል። ለዚህ ነው ቤተ መጻሕፍት የሚያስፈልገው። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሲከፍቱ፣ በኋላም በእናንተው ሐዋሳ በኩል በአህያ ጋሪ መጽሐፍ ለልጆች እንዲደርስ ሲያደርጉ፣ ልጅ ሳይከፍል እንዲመርጥ መንገድ ከፍተዋል። አዲስ አበባ ለምትኖሩ ወላጆች በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል አለው። አቅራቢያሽ እንዲህ ያለ ቦታ ከሌለ አራት ጎረቤት አስተባብሪ፦ አምስታችሁ በየወሩ አንድ አንድ ግዙና አዟዙሩት። የአንዱን ከፍለሽ አምስት ታነቢያለሽ፤ «ያስጠላል» ሲልም አያንገበግብሽም።

ዛሬ ማታ ያን የዘጋውን መጽሐፍ ይዘሽ አጠገቡ ተቀመጪ። መቆጣትሽ ልክ እንዳልነበር ንገሪው። ከዚያ ሳታነቢ ሥዕሉን ብቻ እስከ መጨረሻ አገላብጡ፤ አራተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ እጁን ተከታተዪ።

ጥያቄ፦ ለተከበሩ መምህርት። የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። የ5 ዓመት የልጅ ልጄን ቅዳሜና እሑድ አማርኛ ባለሥዕል መጽሐፍ አነብላታለሁ። ትሰማኛለች፤ ሐሳቧን የምትነግረኝ ግን ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። «በአማርኛ በዪው» ስላት ዝም ትላለች። ላስገድዳት ወይስ ልተዋት?

መልስ፦ ጋሼ፣ አያስገድዷት። ሐሳቧ በመጣበት ቋንቋ ይምጣ፤ እርስዎ ግን ያንኑ ሐሳቧን በአማርኛ ይመልሱላት። እንደፈራች በእንግሊዝኛ ከነገረችዎት «አስፈራሽ? ጥርሱ ነው ጥፍሩ?» ይበሏት። ከሁለት አንዱን መምረጥ ብቻ ነው የሚጠበቅባት፤ «ጥርሱ» ትላለች። አማርኛ ተናገረች ማለት ነው፤ ለዚያውም የራሷን ሐሳብ። «በአማርኛ በዪው» ሲሏት ግን ስለ ጅቡ የነበረው ወሬ ስለ ቋንቋዋ ይሆንባታል፤ ዝም የምትለው ለዚህ ይመስለኛል።

አማርኛና እንግሊዝኛ በአንድ ገጽ ላይ የያዙ ባለሥዕል መጻሕፍት እዚያው አሜሪካ ታትመው ይገኛሉ፤ በእነሱ እሷ በእንግሊዝኛው፣ እርስዎ በአማርኛው መጫወት ትችላላችሁ። ለመጀመሪያው ወር ሦስት ቃል ብትይዝ ይበቃል፦ «ወደድኩት»፣ «አስፈራኝ»፣ «ድገምልኝ»። ሦስተኛዋን ስትልዎት ቢደክምዎትም ይድገሙላት።