ጎማው የማይነቀል ሻንጣ

ጥያቄ፦ ለሥራ በአውሮፕላን ቶሎ ቶሎ እመላለሳለሁ። ይዤው የምገባው ትንሹ ሻንጣ ወይ ጎማው ይነቀላል፣ ወይ ዚፑ ይፈነዳል። ውድ ለመግዛት አቅሜ አይፈቅድም። ምን አይቼ ልግዛ?

መልስ፦ ቀለሙንና ስሙን ለጊዜው ይተዉት። መጀመሪያ ሻንጣውን ገልብጠው ጎማውን ይዩ። በብሎን የታሰረ ጎማ ሲሰበር ይቀየራል። በሪቬት (ተመትቶ በሚገባና በማይፈታ የብረት ማያያዣ) የተመታ ከሆነ ግን ጎማው ሲሄድ ሻንጣውም አብሮ ሄደ ማለት ነው። ባለአራት ጎማው ልሙጥ ወለል ላይ በጣት ሲነኩት ይሄዳል፣ አይካድም። ጠጠርና ኮብልስቶን ላይ ግን ባለሁለቱ ይበልጠዋል፤ ጎማው ወደ ውስጥ ገባ ስለሚል በቀላሉ አይመታም። ፋሽኑ አልፎበታል ቢሉኝም የእኔ ምርጫ እሱ ነው።

ከዚያ እጀታውን እስከ መጨረሻው ስበው ይነቅንቁት። ትንሽ መወዛወዝ ያለ ነው፤ ከተንገጫገጨ ይለፉት። ዚፑን ደግሞ በአንድ እጅ ማዕዘኑ ላይ ይሳቡት። ባዶውን እዚያ ከያዘ፣ ሲሞላማ አይጠይቁኝ። ገላው ጠንካራ እንዲሆን ከፈለጉ ፖሊካርቦኔት የሚባለው ፕላስቲክ ኤቢኤስ ከሚባለው ይሻላል፤ ሲጫኑት ጎበጥ ብሎ ይመለሳል እንጂ ቶሎ አይሰነጠቅም።

ልኩን በሜትር ራስዎ ይለኩት። ብዙ አየር መንገዶች የሚፈቅዱት 55 በ40 በ20 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ሲሆን ጎማና እጀታም ይቆጠራል። አንዳንድ ሻጭ ግን ገላውን ብቻ ለክቶ ይጽፋል። ክብደትም አለ፦ 7 ኪሎ ብቻ በሚፈቀድበት በረራ፣ ባዶው 3 ኪሎ ተኩል ከሆነ ግማሹን ሻንጣው በላው።

ዋጋው ከከበደዎት ያለፈው ዓመት ቀለም በቅናሽ ሲወጣ ይጠብቁ። ዋስትናው ጎማና እጀታን ይሸፍን እንደሆነም ሳይከፍሉ ይጠይቁ።