የልጄ እጅ በጀሶ ውስጥ ተበላሸ፤ ማንን ልጠይቅ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሐዋሳ፣ አቶቴ ነው። የ9 ዓመት ልጄን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ባጃጅ ገጭቶት ክንዱ ተሰበረ። አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድኩት፣ ራጅ አንስተው ጀሶ አደረጉለት። ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ አደረ፤ ጣቶቹ አብጠው ጠቆሩ። ስደውል «ያለ ነው፣ ማስታገሻ ስጪው» አሉኝ። በማግስቱ ሌላ ሆስፒታል ሄደን ጀሶውን ቀደዱለት፣ ጣቶቹ ግን ዛሬም አልዘረጋ ብለዋል። ክሊኒኩ «ፈርመሽ ነው ያሳከምሽው» ይለኛል። የባጃጁ ባለቤት ደግሞ ሽማግሌ ልኮ ታረቂ እያለኝ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልዎት። በመጀመሪያ አሁን ለማንም ምንም ወረቀት አይፈርሙ።

ከካሳው በፊት እጁ ይቅደም። የአጥንት ስፔሻሊስት ይየው፣ ፊዚዮቴራፒም ካዘዙለት አንድ ቀን እንኳ አያስተጓጉሉ።

የተሰበረ ቦታ ያብጣል፣ ጀሶ ደግሞ አይለጠጥም። እብጠቱ መውጫ ሲያጣ ወደ ውስጥ ይጫናል፣ ደም ወደ ጡንቻው መድረስ ያቅተዋል፣ ደም ያጣ ጡንቻ ደግሞ በ6 ሰዓት ገደማ ውስጥ መሞት ይጀምርና በኋላ ተኮማትሮ ጣቶቹን አጥፎ ያስቀራቸዋል። ሌሎች ወላጆችም ይኼን ያዙልኝ፦ ማስታገሻ የማያበርደው ሕመም፣ ጣቱን ቀስ ብላችሁ ስትዘረጉለት የሚያስጮኸው ከሆነ፣ ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ቀለሙ ከተለወጠ ሌሊትም ቢሆን ተነስታችሁ ሂዱ። እስኪነጋ አትጠብቁ። ጀሶ መቅደድ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ወጌሻ ቤት በቀርከሃ ጠብቆ ታስሮላቸው እጅ እግራቸው የተቆረጠ ልጆችም የተጎዱት በዚሁ መንገድ ነው። ወጌሻውን ሁላችንም እንወቅሰዋለን፤ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ሲሆን «ያለ ነው» ተብሎ መታለፉ በጣም ያናድደኛል።

ወደ ክሊኒኩ እንምጣ። ሕክምና ስላልተሳካ ብቻ ጥፋት አለ አይባልም፤ ስብራት ጎበዝ ሐኪም እጅም ላይ ጠምሞ ሊድን ይችላል። የእርስዎ ጉዳይ ግን ይለያል። ልጁ እየጮኸ ነው፣ ጣቱ ጠቁሯል ብለው ደውለዋል፣ አምጪው እንየው ያለዎት የለም። ጠበቃ ሲይዙም ይኼን አስቀድመው ይንገሩት። የፈረሙት ለሕክምናው ነው፣ ለቸልተኝነት አልፈረሙም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያስገድዳል፣ በቁጥር 2651 ደግሞ ሠራተኞቹ ላጠፉት የሕክምና ተቋሙ እንዲጠየቅ ያደርጋል።

የካርዱን ኮፒና ራጆቹን ይውሰዱ። ሁለተኛው ሆስፒታል ጀሶውን ሲቀድ ያየውን በጽሑፍ ያስጽፉ፤ ከሁሉም ሚዛን የሚደፋው ማስረጃ እሱ ነው። ያን ሌሊት የደወሉበት ሰዓት ስልክዎ ላይ ካለ ሳይጠፋ ስክሪንሾት ያንሱት። ከዚያ ለክልሉ ጤና ቢሮ በጽሑፍ አቤት ይበሉ። የሙያ ጥፋት መኖሩን የሚመረምረው የጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ ነው፤ ካሳ የሚወስነው ግን ፍርድ ቤት ነው። የካሳ ክስ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜው አልፏል ተብሎ፣ ሊታገድ ስለሚችል ኮሚቴውን እጠብቃለሁ ብለው እንዳያልፍዎት።

የባጃጁን ባለቤት በተመለከተ፣ ሽማግሌዎቹን በክብር ያነጋግሯቸው፣ እርቅ መጥፎ ነገር አይደለም። ችግሩ ጊዜው ነው። «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» ብለው የፈረሙበት እርቅ በሕግ እንደ ፍርድ ይቆጠራል፣ የልጁ እጅ ምን ያህል እንደሚድን ደግሞ ገና አልታወቀም። የሕክምና ቦርድ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ እስኪወስን ይታገሱ። በዚሁ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 መሠረት ሹፌሩ ባያጠፋ እንኳ ባለቤቱ ይጠየቃል፤ ተሽከርካሪው ለሚጎዳው ሌላ ሰው የሚከፍለው የሦስተኛ ወገን መድንም ግዴታው ነው። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቱ እጅዎ ላይ ይኑር።

ጥያቄ፦ ከታቦር ነኝ። የገጨኝ ባጃጅ አምልጧል፣ ታርጋውንም ያየው የለም። እንግዲህ ቀረብኝ ማለት ነው?

መልስ፦ ኧረ አልቀረብህም! በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የመድን ፈንድ የተቋቋመው ገጭቶ ላመለጠና መድን ለሌለው ተሽከርካሪ ተጎጂዎች ጭምር ነው። አስቸኳይ ሕክምናም ቅድሚያ ክፍያ ሳትጠየቅ የማግኘት መብት አለህ። ፖሊስ ጋ ያልተመዘገበ አደጋ ግን ማስረዳቱ ይከብዳል፣ ስለዚህ ዛሬውኑ ጣቢያ ሄደህ አስመዝግብ፣ ያየ ሰው ካለም አብሮህ ይሂድ።