የባለቤቴን ድርጅት ሂሳብ ልይዝ ነው፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ

ውድ አማካሪያችን፣

ባለቤቴ የቤት ዕቃ የሚሠራ አነስተኛ ድርጅት አለው። ሂሳቡ እስካሁን ግማሹ በጭንቅላቱ፣ ግማሹ በአንድ ካርቶን ውስጥ ነበር። ከመጪው ወር ጀምሮ እኔ እንድይዘው ተስማምተናል። የሂሳብ አያያዝ ትምህርት ስለወሰድኩ ዴቢትና ክሬዲት አያደናግረኝም፤ በሥራ ላይ ግን መዝገብ ይዤ አላውቅም። ካርቶኑ ውስጥ የሁለት ዓመት ደረሰኝ ተደባልቋል፤ የእንጨት አለ፣ የነዳጅ አለ፣ የልጆች ጫማ ሳይቀር አለበት። ለሙከራ ያለፈውን ወር መዝግቤ ከባንክ ስቴትመንቱ ጋር ሳስተያየው የእኔ ቀሪ 47,760፣ የባንኩ 48,300 ሆነ። የ540 ልዩነቱን ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት። ከሁሉ የሚከብደኝ ደግሞ «ይህ ገንዘብ ለምን ወጣ?» ስለው ፊቱ መለዋወጡ ነው። የሁለቱን ዓመት ሁሉ ልመዝግብ? እሱንስ እንዴት ልጠይቀው?

ካርቶኑ ያስጨነቃት

መልስ

ውድ ጠያቂ፣

ካርቶኑን ለጊዜው ይተዉት። የትናንቱን ሲቆፍሩ የዛሬው ይከመርብዎታል። አንድ የመነሻ ቀን ይወስኑ፤ የወር መጀመሪያ ይሁን፤ የበጀት ዓመቱ መጀመሪያ ቅርብ ከሆነ ደግሞ እሱ ይሻላል። በዚያ ቀን ያለውን ሁሉ ይቁጠሩ፦ የባንክ ቀሪ፣ በእጅ ያለ ጥሬ ገንዘብ፣ ተሰብሳቢ (ደንበኞች ያልከፈሉት)፣ ተከፋይ (ድርጅቱ ለአቅራቢዎች ያልከፈለው)፣ ብድር፣ ያልተሸጠ ዕቃና እንጨት፣ ማሽን። ከንብረቱ ዕዳው ሲቀነስ የሚተርፈው ካፒታል ነው፤ የመክፈቻ ሂሳብዎ ይኸው። ቀብድ የከፈለ ደንበኛ ካለ ግን ልብ ይበሉ፤ ዕቃውን እስኪረከብ ድረስ ገንዘቡ ዕዳ እንጂ ሽያጭ አይደለም። ይህን ያልለየ መዝገብ በቀብድ ወር ትርፋማ፣ በርክክብ ወር ኪሳራ ያሳያል።

የድሮዎቹን ደረሰኞች በየወሩ ለይተው በፖስታ ያስቀምጡ፤ አይጣሉ። ያለፉት ዓመታት ግብር ገና ካልተዘጋ ያ ራሱን የቻለ ሥራ ስለሆነ ልምድ ላለው ባለሙያ ይሰጥ።

ወደ 540 ልምጣ። መጀመሪያ አቅጣጫውን ይዩ። የእርስዎ መዝገብ ከባንኩ ያነሰ ስለሆነ የባንክ አገልግሎት ክፍያ ረስተው ሊሆን አይችልም፤ እሱ ቢሆን መዝገብዎ ይበልጥ ነበር። ስለዚህ የሚፈለገው ጽፈው ሰጥተውት ገና ያልተመነዘረ ቼክ፣ ሳይመዘገብ ባንክ የገባ ገቢ፣ ወይም ከእውነቱ በላይ የተመዘገበ ወጪ ነው። ቀጥሎ ለ9 ያካፍሉት። 540 ለ9 ሲካፈል ያለ ቀሪ 60 ይደርሳል፤ ይህ ሲሆን የቁጥሮች ቦታ መለዋወጥ ይጠረጠራል። 1,280 የነበረው 1,820 ተብሎ ቢጻፍ ልዩነቱ 540 ነው። 60 የነበረው 600 ቢሆንም እንዲሁ። ካልተገኘ ለ2 ያካፍሉት፦ 270 ገቢ ሆኖ ሳለ በወጪ በኩል ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን «ልዩ ልዩ ወጪ» ብሎ መዝጋት ግን ክልክል ነው! ትንሽ ልዩነት ሁለት ትልልቅ ስሕተቶች እርስ በርስ ተጣፍተው የቀረ ትርፍራፊ ሊሆን ይችላል።

የልጆቹ ጫማ የድርጅቱ ወጪ አይደለም። ድርጅቱ በግለሰብ ስም የሚሠራ ከሆነ «የግል ወጪ» በሚል መደብ ይመዘገብና ካፒታልን ይቀንሳል፤ ትርፍና ኪሳራ ውስጥ አይገባም። ድርጅቱ ራሱን የቻለ ሕጋዊ ሰውነት ካለው (በሕግ ከባለቤቱ ተለይቶ የሚታይ ከሆነ) ደግሞ እንደዚያ አይሆንም፤ ባለቤትዎ ለግሉ ያወጣው ገንዘብ ወይ ደመወዝ ነው፣ ወይ የትርፍ ድርሻ፣ ወይ የሚመልሰው ብድር። የትኛው እንደሆነ ሳይወስኑ አይመዝግቡ። ከሁሉ የሚበጀው የባንክ ሂሳቡን መለየት ነው፤ በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ ወደ ግል ሂሳቡ ይዛወር፣ ጫማውም ከዚያ ይገዛ።

ጥያቄውን በተመለከተ፣ እንደኔ ችግሩ አጠያየቁ ላይ ነው። «ለምን አወጣኸው?» የምትል ሚስት እንጂ ሂሳብ ሠራተኛ አይደለችም። ለሂሳብ ሠራተኛ የሚያስፈልጋት «ለምን ሥራ ነው? ደረሰኙስ የት አለ?» ብቻ ነው። ያልታወቀውን ሁሉ «ተጠባባቂ ሂሳብ» ውስጥ ያኑሩት። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በሥራ ሰዓት፣ ቀን፣ መጠንና ባዶ መስመር ያለው ዝርዝር ይስጡት፤ መስመሩን እሱ ይሙላ። እራት ላይ አይነሣ። ወሩ ሲዘጋ ተጠባባቂው ዜሮ መሆን አለበት።

ለጥቃቅን ወጪ የተወሰነ ገንዘብ በሳጥን አድርገው ለአንድ ሠራተኛ ይስጡ። በማንኛውም ሰዓት በሳጥኑ ያለው ጥሬ ገንዘብና ደረሰኝ ሲደመር ያንኑ መጠን ካልሰጠ ጉድለት አለ። ሲያልቅ በደረሰኞቹ ድምር ልክ ብቻ ይተኩለት።

አንድ ነገር ገና ከጅምሩ ይስማሙ፦ ክፍያ የሚፈቅደው እሱ፣ የሚመዘግቡት እርስዎ ይሁኑ፤ የባንክ ስቴትመንቱንም ከእርስዎ በፊት እሱ ይየው። ይህ ባለመተማመን አይደለም፤ ገንዘብ ሲጎድል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ብቻውን የከፈለና የመዘገበ ሰው ስለሆነ እርስዎን ይጠብቃል። መዝገቡ ከባንክ ስቴትመንቱ ጋር ተመሳክሮ የተዘጋን ወር ደግሞ ተመልሰው አይነካኩት፤ ስሕተት ቢገኝ ማስተካከያው በተገኘበት ወር፣ ምክንያቱ ተጽፎበት ይመዝገብ።