በስስ ማግኔቶች ላይ ለምትመራመሩ ወጣቶች

ልጆቼ፣ እስከ አንድ ንጣፍ በሳሳ ማግኔታዊ ክሪስታል ላይ ምርምር ልትጀምሩ ከሆነ አንድ አደራ አለኝ፤ በአቶሞቹ ንዝረት ላይ ያያችሁትን ለውጥ ሁሉ ለማግኔቱ አትስጡት።

ክሪስታል ሲቀዘቅዝ በአብዛኛው ይኮማተራል፤ ስፒኖቹ፣ ማለትም አቶሞቹ የያዟቸው ጥቃቅን ማግኔቶች፣ ሥርዓት ያዙም አልያዙም ንዝረቱ ይፈጥናል። የስፒኖቹ ድርሻ ሌላ ነው። ጎረቤታም ስፒኖች የሚተሳሰሩበት ኃይል በአቶሞቹ መካከል ባለው ርቀትና ማዕዘን ይወሰናል። ስለዚህ ስፒኖቹ ሲሰለፉ አቶሞቹን የሚይዘው ኃይልም ይለወጣል፣ ንዝረቱ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ለውጡ ጥቂት ነው። ስፒኖቹ ከሚሰለፉበት ሙቀት በላይ ያለውን ክልል በሁለት ሦስት ነጥብ አትለፉት፤ በትዕግሥት ለኩት። ማግኔቱ ምን እንደጨመረ የምታውቁት በዚያ ክልል ንዝረቱ ከሙቀት ጋር የሚለዋወጥበትን መስመር ወደ ቅዝቃዜው ስትዘረጉት ነው።

እኔ አብዝቼ የምወደው ምሳሌ የብረት፣ የፎስፈረስና የሰልፈር ውህድ የሆነው ንጣፋዊ ክሪስታል ነው። ከ118 ኬልቪን ገደማ በታች የብረቶቹ ስፒኖች በዚግዛግ ሰንሰለት ይሰለፋሉ፤ አንዱ ሰንሰለት ወደ ላይ፣ ቀጣዩ ወደ ታች። አቶሞቹ ከቦታቸው እምብዛም አልተነቃነቁም፤ የሚደጋገመው አሃድ ግን እጥፍ ሆነ። ራማን፣ ማለትም ሌዘር አብርተን ተበትኖ የሚመለሰውን ብርሃን የምንለካበት ዘዴ፣ የሚያሳየን አሃዶቹ ሁሉ አብረው የሚወዛወዙትን ንዝረት ነው። ጎረቤታም አሃዶች በተቃራኒ ሲወዛወዙ ተሰውሮ የነበረው ንዝረት አሁን በአንድ ትልቅ አሃድ ውስጥ ገብቶ ይገለጣል። በተበተነው ብርሃን ስፔክትረም ላይ በሴንቲሜትር 100 ሞገድ አካባቢ የነበረው ሰፊ ጉብታ ቀርቶ 88 እና 95 አካባቢ ቀጫጭን ጫፎች ብቅ ይላሉ። ይህን ስፔክትረም ዛሬም ሳየው ደስ ይለኛል!

እ.ኤ.አ. በ2016 የደቡብ ኮሪያ ተመራማሪዎች ይህንኑ ምልክት በአንድ ንጣፍ ላይ አገኙት። ስፒኖቹ እርስ በርስ ስለሚጠፋፉ ከውጭ የሚለካ ማግኔታዊነት የለም፤ ናሙናውም የስፒኖችን አሰላለፍ ለማየት ለሚያገለግለው የኒውትሮን ጨረር እጅግ ትንሽ ነው። የመሰከረው ንዝረቱ ነው። በ2019 ደግሞ ብረቱ በኒኬል በተተካበት ውህድ፣ እስከ ሁለት ንጣፍ የዘለቀው ምልክት አንድ ንጣፍ ላይ ሲደርስ ጠፋ። ያም ትልቅ ውጤት ነበር።

ምልክት ሲጠፋባችሁ ግን መጀመሪያ ሌዘራችሁን ጠርጥሩ። ቴርሞሜትሩ የሚነግራችሁ የማቀዝቀዣውን ሙቀት እንጂ ሌዘሩ ያረፈበትን ነጥብ ሙቀት አይደለም። የስቶክስን ጫፍ (ብርሃኑ ለንዝረቱ ኃይል ሰጥቶ ሲበተን የሚታየውን) እና የፀረ ስቶክስን ጫፍ (ከንዝረቱ ኃይል ወስዶ ሲበተን የሚታየውን) ጥንካሬ አወዳድሩ፤ የነጥቡን ሙቀት ከዚያ ታገኙታላችሁ። የሌዘሩን ኃይል በግማሽ ስትቀንሱ ጫፉ ከተንቀሳቀሰ ናሙናውን እያሞቃችሁት ነው፤ ጫፉ እስኪረጋ ድረስ ቀንሱና ልኬቱን ከመጀመሪያው ድገሙት።